«የግብፅ ልዑል» የተባለው ፊልምና የኦሪት ዘጸአት ትምህርት

ከልጆች ጋር ስለ ሙሴ በተማማርንበት አንድ ቀን፣ ሙሴ ከግብፅ ለምን እንደ ሸሸ ጠይቀን ነበር። አንዲት ልጅ ፈጥና እጅዋን አነሣችና «ሰውየው ከላይ ወድቆ ስለ ሞተበት ነው» ስትል መለሰች። ቅዱስ መጽሐፍ ግን እንዲህ አይልም። ሙሴ ዙሪያውን አይቶ፣ ሰው አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ግብፃዊውን እንደ ገደለና በአሸዋ ውስጥ እንደ ሸሸገው ነው የሚነግረን (ዘፀ. 2፡12)። ልጅቱ መልሱን ያገኘችው «የግብፅ ልዑል» ከተባለው የካርቱን ፊልም ነበር። እኛም ፊልሙን መጽሐፉን ይዘን እንደገና ለማየት ያነሣሣን ይኸው መልስ ነው።

ፊልሙ ድሪምዎርክስ በተባለው የአሜሪካ ድርጅት ተሠርቶ በ1998 ለእይታ የበቃ ሲሆን (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ርዝመቱ 99 ደቂቃ ነው። የመዝሙሮቹ ደራሲ ስቲቨን ሽዋርትዝ ነው፤ ከመዝሙሮቹም አንዱ በ1999 የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። አዘጋጆቹ የልዩ ልዩ ሃይማኖት ሊቃውንትን አማክረዋል። በመግቢያውም ታሪኩን በኪነ ጥበብ ነጻነት እንደ ተጠቀሙበት፣ ምንጩም በኦሪት ዘጸአት እንደሚገኝ በግልጽ ጽፈዋል። ስለዚህ ተታለልን ልንል አንችልም፤ ጥፋቱ ፊልሙን አይተን መጽሐፉን ሳንከፍት የቀረን የእኛው ነው።

የካርቱን ፊልም የሕፃናት ማዘናጊያ ብቻ ነው የሚሉ ወላጆች አሉ። ቤተ ክርስቲያን ግን ነገሩን እንዲህ አቅልላ አላየችውም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ስለ ሲኒማ ሐዋርያዊ መልእክት የጻፉት በ1936 ነው። ሲኒማ 100ኛ ዓመቱን ባከበረበት በ1995 ቫቲካን መርጣ ባወጣቻቸው 45 ፊልሞች ውስጥም «ፋንታዚያ» የተባለው የዋልት ዲዝኒ የካርቱን ፊልም ይገኝበታል።

ከፊልሙ ጠንካራ ጎኖች የመጀመሪያውን ስፍራ የምንሰጠው ለግድግዳው ሥዕል ነው። ወጣቱ ሙሴ የግድግዳ ሥዕሎች ነፍስ ዘርተው ሲንቀሳቀሱ፣ ወታደሮችም ሕፃናትን ከእናቶቻቸው ነጥቀው ወደ ወንዝ ሲጥሉ በሕልሙ ያያል። ሲነቃ ሮጦ ይሄድና ያንኑ ሥዕል በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ ያገኘዋል። እንደ አባት ያሳደገው ፈርዖን ሊያጽናናው ይመጣል፤ የማጽናኛ ቃሉም እነዚያ ሕፃናት ባሪያዎች ብቻ እንደ ነበሩ መንገር ነው። ሙሴ ከእቅፉ ደንግጦ ሲያፈገፍግ ልጆች ሁሉ ነገሩ ይገባቸዋል። ስለ ሰው ልጅ ክብር አንድ ሰዓት ሙሉ ተናግረን የማናስጨብጠውን፣ ይህች «ብቻ» የምትል ቃል በአንድ አፍታ ታስጨብጣለች።

የሚነድደው ቁጥቋጦም በአክብሮት የተሣለ ነው። የእግዚአብሔር ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ነጎድጓድ ሳይሆን ለጆሮ የቀረበ፣ ለስላሳ ድምፅ ነው። ዕፀ ጳጦስ በአባቶቻችን ትምህርት የእመቤታችን ምሳሌ መሆኑን መምህሩ እዚህ ላይ ሊጨምር ይችላል። ሲፓራም ጠይም፣ ቆራጥና ደፋር ሆና ቀርባለች። ምድያማዊት ብትሆንም፣ ስለ ሙሴ ኢትዮጵያዊት ሚስት በዘኍልቁ 12፡1 የተጻፈውን የሚያስታውስ ያገራችን ተመልካች በልቡ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ልጅቱ መልስ እንመለስ። በፊልሙ ግብፃዊው ከግንባታ መወጣጫ ላይ ተገፍቶ ይወድቃል፤ ሙሴ ሊገድለው ያሰበ አይመስልም። ይህ ለሕፃናት ታዝኖ የተደረገ ማለስለሻ መሆኑ ይገባናል። ነገር ግን ምን እንደ ተወሰደብን እናስተውል። ኦሪት የሚያሳየን አስቦ፣ ዞር ዞር ብሎ አይቶ የገደለና ሬሳ የቀበረ ሰው ነው። እግዚአብሔር በኮሬብ በስሙ የጠራው ይህንኑ ሰው ነው። ከባድ ኃጢአት በልቡ ይዞ ወደ ንስሐ ለመቅረብ የሚያፍር ምእመን፣ በድንገት ከተሳሳተው ሙሴ ይልቅ ከዚህኛው ሙሴ ጋር ብዙ የሚነጋገረው አለው።

ሌሎቹን ልዩነቶች ባጭሩ እናልፋቸዋለን። ሕፃኑን ከውኃ ያወጣችው የፈርዖን ልጅ ስትሆን ፊልሙ ንግሥቲቱ ናት ይላል። በፈርዖን ፊት ሲቆሙ ሙሴ 80፣ አሮን 83 ዓመታቸው እንደ ነበረ ተጽፏል (ዘፀ. 7፡7)፤ ፊልሙ ግን ሙሴን ገና ጎልማሳ አድርጎ ያሳያል። የሚያሳዝነን የአሮን ነው፤ ለወንድሙ አፍ ሆኖ የተሰጠው ሰው (ዘፀ. 4፡16) እዚህ ፈሪና ተጠራጣሪ ሆኖ ቀርቷል።

ከሁሉ የከበደው ጉድለት ግን ማዕዱ ነው። ደሙ በመቃኖቹ ላይ ሲቀባ እናያለን፤ በጉ ሲበላ፣ ያልቦካው እንጀራ ሲቆረስ፣ ወገብን ታጥቆና ጫማን ተጫምቶ መብላቱ ግን የለም። ዘጸአት 12 ከሞቱ ይልቅ ስለ ማዕዱ ሰፊ ቦታ ሰጥቶ ይናገራል። ያን እራት ያላወቀ ልጅ፣ ጌታችን ሐሙስ ማታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር በማዕድ የተቀመጠው ለምን እንደሆነ በምን ይረዳል?

የበኵር ልጆች ሞት የቀረበበት ትዕይንት ልጆችን የሚያስለቅስ ነው። ሙዚቃው ጸጥ ይላል፤ ብርሃን በየቤቱ ያልፋል፤ ፈርዖንም የልጁን ሬሳ ታቅፎ ይታያል። ሙሴ ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ ያለቅሳል። ልቅሶው በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ በግብፅ ሁሉ የሆነው ታላቅ ጩኸት ግን ተጽፏል (ዘፀ. 12፡30)። በዚህ ጊዜ «ያ ልጅ ምን አጠፋ?» ተብለን ተጠይቀናል። ፊልሙ አንድ ነገር ያመለክታል፤ ፈርዖን ከዚያ በፊት አባቱ በዕብራውያን ሕፃናት ላይ ያደረገውን እደግማለሁ ብሎ ዝቶ ነበርና፣ ግፉ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለዚያ ሕፃን መልስ አይሆንም። እኛም አጭር መልስ የለንም። አይሁድ በፋሲካቸው ማዕድ መቅሠፍቶቹን ሲቆጥሩ ከጽዋቸው ጠብታ ወይን እያወጡ ደስታቸውን ያጎድላሉ፤ የሌላው ሐዘን ባለበት ጽዋቸው ሙሉ እንዳይሆን ነው። አባት በኵር ልጁን ማጣቱን በሩቅ የማያይ፣ ለገዛ ልጁም ያልራራ አምላክ እንዳለን የምናስተምረው (ሮሜ 8፡32) ልጆቹ ካለቀሱ በኋላ እንጂ እንዳያለቅሱ ለማድረግ አይደለም።

እኛ እንዲህ ማድረግ ጀምረናል። ሰባት ዓመት ላልሞላቸው ፊልሙን አናሳይም። ለታላላቆቹ ደሙ በመቃኖቹ ላይ ከተቀባ በኋላ ቴሌቪዥኑን እናጠፋለን። ከልጆቹ አንዱ ዘጸአት 12ን ከቁጥር 1 እስከ 14 ያነባል፤ ከቤት ይዘነው የመጣነውን ያልቦካ ቂጣ ቆርሰን ቆመን እንበላለን። ከዚያ የቀረውን እንከፍታለን።