አረጋውያን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴን እንዳያቋርጡ ማገዝ

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ በኋላ አረጋውያን በተቻለ መጠን ከቤት እንዳይወጡ ይመከር ነበር። ምክሩ ተገቢ ነበር፤ ሆኖም ከቤት አለመውጣት የሚያስከትለው ጉዳትም አለ። በልደታ ጌጃ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት ስፖርት ሠርተው አያውቁ ይሆናል፤ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን መሳለም፣ ዘንቢል ይዞ ከገበያ መመለስ፣ በጾም መስገድና ለቅሶ መድረስ ጡንቻቸውን ሲያሠራው ኖሯል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲቀር እግር ይዝላል፣ ከበርጩማ መነሣት ያቅታል፣ መውደቅም ይከተላል። በዚህ ዕድሜ የዳሌ ስብራት ሰውን አልጋ ላይ ሊያስቀር ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። መጀመሩ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ከጥቂት ሳምንት በኋላ አለመተዉ ነው። ስለዚህ አዲስ ሰዓት ከመፈለግ ይልቅ እንቅስቃሴውን ከነባር ልማድ ጋር ማያያዝ ይበጃል። ለምሳሌ ማክሰኞና ቅዳሜ ቡና ሲፈላ፣ አቦሉ እስኪደርስ ከግድግዳ ጋር ከተጠጋ ጠንካራ ወንበር 8 ጊዜ ቀስ ብሎ መነሣትና መቀመጥ፤ ቶናው እስኪደርስ ቆሞ ግድግዳውን በሁለት እጅ 8 ጊዜ መግፋት፤ በረካው እስኪደርስ ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ፕላስቲክ በየእጁ ማንሣት ይቻላል። ትንፋሽ አይያዝ። ሲቀልልዎ ቁጥሩን ይጨምሩ። ቡና በማይፈላበት ቤት ከጸሎት በኋላ ያለው ጊዜ ይስማማል።

ልጆች «ስፖርት ይሥሩ» ብለው ቢያዙ ብዙ ጊዜ የሚያተርፉት ሣቅ ነው። የልጅ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢቆጥር፣ የተሠራበት ቀን በግድግዳው ካላንደር ላይ ምልክት ቢደረግበት፣ ራቅ ብሎ የሚኖር ልጅም ስልክ ደውሎ «እማዬ፣ ዛሬ ስንት ጊዜ ተነሡ?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭን ላይ የሚሰማ መጠነኛ ሕመም የተለመደ ነው፤ ብዙዎች ግን ጉዳት መስሏቸው የሚያቋርጡት በዚህ ጊዜ ስለሆነ አስቀድሞ ይነገራቸው። በሕመም ወይም በእንግዳ ምክንያት አንድ ሳምንት ካለፈ፣ በግማሽ ቁጥር ይቀጥሉ።

የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም ስኳር ያለባቸው፣ ከኮቪድም ያገገሙ ሰዎች ከመጀመራቸው በፊት የጤና ባለሙያ ያማክሩ። የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከተሰማዎ ወዲያውኑ አቁመው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ሊያግዝ የሚመጣ ጎረቤት ትኩሳት ወይም ሳል ካለው ከቤቱ አይውጣ።