የገዳም ውሎና እንግዳው

ትምህርት አሥራ አንድ

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስትፈጽሙ፦
1. ስለ አንድ ቦታ ስትጽፉ ያያችሁትን፣ የሰማችሁትንና የገመታችሁትን ለይታችሁ ማቅረብ ትችላላችሁ፤
2. የዘወትር ድርጊትን በሚያመለክቱ ግሦች በሚገባ ትጠቀማላችሁ፤
3. ሁለት ነገሮችን ሚዛን ሳታጓድሉ ታነጻጽራላችሁ።

ሀ. ከንባብ በፊት

1. በአካባቢያችሁ የሚገኘው ገዳም ወይም ሌላ የጸሎት ቦታ የትኛው ነው? ስለ እርሱ የምታውቁትን በቃል ተናገሩ።
2. «መነኮሳት ሥራ የላቸውም» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ?

ለ. ምንባብ

በደቡብ ጎንደር ደጋ ምድር የሚጓዝ ሰው የታረሰውን ማሳና የተራቆተውን ኮረብታ አልፎ ሲሄድ ድንገት ጥቅጥቅ ያለ ደን ያያል። ጽዱና ወይራው ተጠጋግቶ ከቆመበት ሥፍራ መካከል የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብቅ ይላል። በአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ ያለው ጣራ ገዳም በእንዲህ ያለ ደን ከሚታወቁት አንዱ ነው። ከውጭ ሆኖ የሚመለከት እንግዳ በመጀመሪያ የሚያገኘው ዝምታን ነው። ዝምታውንም ከሥራ ፈትነት ቈጥሮ ያልፋል። በእርግጥ ግን ከዚያ ዝምታ በስተጀርባ በሰዓት የተከፋፈለ፣ ለእያንዳንዱም ሰው ድርሻ የተሰጠበት ውሎ አለ።

ገዳማት በአኗኗር ሥርዓታቸው በሁለት ይከፈላሉ። በአንድነት ገዳም ሀብቱም ማዕዱም የጋራ ነው፤ መነኮሳቱ የዕለት ድርሻቸውን፣ ማለትም መቁነናቸውን፣ ከማኅበሩ ይቀበላሉ። በቁሪት ገዳም ግን እያንዳንዱ መነኩሴ በየጎጆው እየሠራ ራሱን ይረዳል፤ ከወንድሞቹ ጋር የሚገናኘው በጸሎት ነው። የአንድነቱን ሥርዓት በ4ኛው መቶ ዓመት በግብጽ የመሠረተው አባ ጳኩሚስ ነው። በአገራችንም የገዳም ሕይወት በተለይ ከተስዓቱ ቅዱሳን ዘመን ጀምሮ እንደተስፋፋ ይነገራል።

ወደ ገዳም የሚገባ ሰው በዕለቱ መነኩሴ አይሆንም። በመጀመሪያ አመክሮ በሚባለው የፈተና ዘመን ረድእ ሆኖ ያገለግላል፤ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ለአረጋውያን ይላላካል። ጠባዩና ትዕግሥቱ ከተመሰከረለት በኋላ ቆብ ይደፋል። በምንኩስናው ሥርዓት ጊዜ ለሙታን የሚደረሰው ጸሎት ይደገምለታል፤ ለዓለም እንደሞተ ይቈጠራልና። ብዙ ጊዜም አዲስ ስም ይሰጠዋል።

የገዳሙ ቀን የሚጀምረው በሌሊት ነው። ደወል ሲደወል መነኮሳቱ ጋቢያቸውን አጣፍተው በጨለማ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው፤ እነርሱም ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ይባላሉ። በሌሊት ሰዓታት ይቆማል፤ ሲነጋ ኪዳን ይደረሳል። በጾም ቀን ቅዳሴው ወደ ከሰዓት በኋላ ስለሚዘገይ ማዕዱም አብሮ ይዘገያል። አረጋውያኑ ሳይቀሩ በመቋሚያ ተደግፈው ጸሎቱን እስከ ፍጻሜ ያደርሳሉ።

ከጸሎት በኋላ ሁሉም ወደየተመደበበት ሥራ ይሠማራል። አበ ምኔቱ ማኅበሩን ይመራል፤ መጋቢው እህሉንና ገንዘቡን ይቆጣጠራል፤ ገበዙ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋያተ ቅድሳት ይጠብቃል። ከቀሩት አንዱ ያርሳል፣ ሌላው ንብ ያረባል፣ ሦስተኛው ይሸምናል ወይም ብራና ይፍቃል። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በርካታ ገዳማት የሚተዳደሩት በያዙት መሬት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ካደረገ በኋላ ግን ያ ገቢ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የመነኮሳቱ የእጅ ሥራና የምእመናኑ ምጽዋት ይበልጥ አስፈላጊ ሆነዋል። ስለዚህ ለእንግዳ የሚቀርበው እንጀራ ብዙ ጊዜ ከትርፍ የተቀነሰ ሳይሆን ከመቁነን የተከፈለ ነው።

እንግዳው ግን በዚህ ምክንያት አይመለስም። የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ይላል። «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ተብሎ ይመለስለታል። በዚህ አነጋገር «ባለቤቱ እኔ ነኝ» የሚል የለም፤ እንግዳውም ተቀባዩም በአንድ ጌታ ቤት ውስጥ ናቸው። እንግዳው እግሩን ይታጠባል፤ የተገኘው ይቀርብለታል፤ ማደሪያም ይሰጠዋል። እርሱም በበኩሉ ግዴታ አለበት። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሳያስፈቅድ ፎቶግራፍ አያነሣም፤ ከደኑም እንጨት አይቆርጥም። የመግቢያው ሥርዓት ከገዳም ገዳም ይለያያል፤ ለምሳሌ በጣና ሐይቅ ደሴት ላይ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶችን አያስገባም። እንግዳ ሥርዓቱን አስቀድሞ ጠይቆ ይረዳል።

እንግዶች በየምክንያታቸው ይመጣሉ። ስለት ያለበት ስለቱን ያገባል፤ የታመመ ጠበል ይጠመቃል፤ በዓመታዊው ክብረ በዓል ቀን የአካባቢው ሕዝብ ሁሉ ይሰበሰባል። ረጅም ጊዜ የሚቈየው እንግዳ ግን ተማሪው ነው። በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና የመዋስዕት ማስመስከሪያ ናቸው። ቅዱስ ያሬድ ራሱ በዙር አባ እንዳስተማረ ይነገራል። ትምህርቱን በሌላ አገር የጀመረ ተማሪ ሳይቀር ወደነዚህ ቦታዎች መጥቶ በመምህሩ ፊት ዕውቀቱን ያስመሰክራል። እስከዚያም ድረስ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከገበሬው ደጃፍ ይለምናል። ገበሬው እንጀራውን ባይከፍል ኖሮ ዜማው ከትውልድ ወደ ትውልድ ባልተላለፈ ነበር።

ይህችው ቤተልሔም ስለ አስተያየት የምታስተምረን ነገር አላት። ቶማስ ፓከናም የተባለው የውጭ አገር ጸሐፊ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ቦታውን በጎበኘ ጊዜ ከውጭ ያየው ክብ የሆነ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ነበር። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን በክቡ ቅጥር መካከል አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ አገኘ። ለካህናቱና ለምእመናኑ ሕንፃው አዲስ አልነበረም፤ አዲስ የሆነው ለእንግዳው ነበር። ከደጅ ተመልሶ ቢሆን ኖሮ ስለ ሣር ክዳኑ ብቻ በጻፈ ነበር።

ከደጅ ሆኖ የሚፈርድ ሰው የራሱ ባልሆነው ሃይማኖት ላይ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳታል። በሕንድ አገር በካልካታ ከተማ አጠገብ፣ በሁግሊ ወንዝ ዳር፣ ቤሉር ማት የሚባል የሂንዱ ገዳም አለ። ስዋሚ ቪቬካናንዳ በ1898 እ.ኤ.አ. አቋቋሙት፤ ዛሬ የሚታየው ታላቅ ቤተ መቅደስ በ1938 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። በዚያም ጀማሪዎቹ ነጭ፣ ምንኩስናን የተቀበሉት ደግሞ የቀይ አፈር መልክ ያለው ልብስ ይለብሳሉ። ጎሕ ሳይቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ በምስሉ ፊት መብራት እየዞረ አራቲ የሚባለው ጸሎት በዜማ ይደርሳል። ለአምልኮ የቀረበው ምግብ «ፕራሳድ» ተብሎ ለእንግዶች ይታደላል። ማኅበሩ ትምህርት ቤቶችንና ሆስፒታሎችን ያካሂዳል። ምንኩስናን የሚቀበል ሰውም ለሙታን የሚደረገውን ሥርዓት ገና በሕይወቱ ለራሱ ይፈጽማል።

ሁለቱ እምነቶች አንድ አይደሉም። የጋይንቱ መነኩሴ በሥላሴ ስም ይጸልያል፤ የቤሉሩ መነኩሴ የሚጸልየው ከዚህ ፈጽሞ በተለየ ትምህርት ነው። ልዩነቱን ሸፋፍኖ መጻፍ ሁለቱንም መበደል ነው። ሆኖም ሁለቱም በሌሊት ይነሣሉ፤ ሁለቱም ለዓለም መሞታቸውን በሥርዓት ይመሰክራሉ፤ ሁለቱም እንግዳን ሳያበሉ አይሸኙም። ይህንንም አለመጻፍ እውነትን ማጉደል ነው።

ከሌላው መቁነን ተከፍሎለት የበላ እንግዳ ዕዳ አለበት። ዕዳውን የሚከፍለውም ወደ አገሩ ሲመለስ ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ በመናገር ነው።

ሐ. የቃላት ፍች

መቁነን — ለአንድ መነኩሴ ተመጥኖ የሚሰጥ የዕለት ምግብ
አመክሮ — የመፈተኛ ጊዜ
ረድእ — አገልጋይ፣ ደቀ መዝሙር
ቁሪት — እያንዳንዱ መነኩሴ ለየራሱ የሚኖርበት የገዳም ሥርዓት
ንዋያተ ቅድሳት — ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተለዩ ዕቃዎች
አኩፋዳ — ተማሪ የለመነውን ምግብ የሚይዝበት ዕቃ

ከእነዚህ ቃላት አራቱን መርጣችሁ በየራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አግቡ።

መ. የምንባብ ጥያቄዎች

1. የአንድነት ገዳም ከቁሪት ገዳም በምን ይለያል?
2. የ1967 ዓ.ም. አዋጅ እንግዳ መቀበልን ከበፊቱ ይበልጥ ከባድ ያደረገው ለምንድን ነው?
3. «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚለው መልስ ስለ ተቀባዩ አስተሳሰብ ምን ያስረዳል?
4. የቤተልሔም ሕንፃ ታሪክ በምንባቡ ውስጥ የገባው ለምን ይመስላችኋል?
5. ጸሐፊው የሁለቱን ገዳማት አንድነትና ልዩነት በአንድ አንቀጽ ያቀረበው ለምንድን ነው? ብትስማሙም ባትስማሙም ምክንያታችሁን ጻፉ።

ሠ. ሰዋስው

1. የዘወትር ድርጊት። «ይነሣሉ»፣ «ይቀዳል»፣ «ይጸልያል» የሚሉት ግሦች የወደፊትንም የዘወትርንም ድርጊት ያመለክታሉ። የሚለዩት አብረዋቸው በሚገቡት ቃላት ነው። «ረድኡ ነገ ውኃ ይቀዳል» ስንል ገና የሚሆነውን፣ «ረድኡ በየማለዳው ውኃ ይቀዳል» ስንል ግን የተለመደውን እንናገራለን።

2. ያየነው፣ የሰማነውና የገመትነው። የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ፦

ሀ) መነኮሳቱ በመቋሚያ ተደግፈው ቆመዋል።
ለ) ቅዱስ ያሬድ በዙር አባ እንዳስተማረ ይነገራል።
ሐ) አረጋዊው መነኩሴ የደከማቸው ይመስለኛል።

በ«ሀ» ጸሐፊው በዓይኑ ያየውን ይመሰክራል። በ«ለ» የሰማውን ያስተላልፋል፤ ስለዚህ «እንደ» የሚለውን ቃል ከግሡ ጋር አያይዞ (እንደ + አስተማረ = እንዳስተማረ) «ይነገራል» በሚለው ተደራጊ ግሥ ይደመድማል። በ«ሐ» የራሱን ግምት ያቀርባል። «ይነገራል» ማለት ትውፊቱን መናቅ አይደለም፤ የተናገሩት አባቶች እንጂ ጸሐፊው ራሱ አለማየቱን መግለጽ ነው።

3. የማነጻጸሪያ ቃላት። አንድነትን ለመግለጽ «እንደ . . . ሁሉ»፣ «ሁለቱም»፤ ልዩነትን ለመግለጽ «ግን»፣ «በአንጻሩ»፣ «ሲሆን» እንላለን። ምሳሌ፦ በአንድነት ገዳም ማዕዱ የጋራ ሲሆን በቁሪት ገዳም የየራስ ነው።

መልመጃ። ከምንባቡ ውስጥ የዘወትር ድርጊትን የሚያመለክቱ አምስት ግሦች፣ የተሰማን ነገር የሚያመለክቱ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችና በማነጻጸሪያ ቃል የተያያዙ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ ጻፉ።

ረ. ድርሰት

በአካባቢያችሁ ወደሚገኝ ገዳም፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ሌላ የጸሎት ቦታ ሂዱ። ከመግባታችሁ በፊት የቦታውን ኃላፊዎች አስፈቅዱ። ስትመለሱ ማስታወሻችሁን «ያየሁት»፣ «የሰማሁት»፣ «የገመትሁት» በሚሉ ሦስት ዓምዶች ከፋፍሉ። ከዚያ በኋላ ከሦስት አንቀጽ ያላነሰ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ቦታውን ከውጭ እንደሚታይ ግለጹ፤ በሁለተኛው በውስጡ የሚሠራውን ሥራና የሚፈጸመውን ሥርዓት በቅደም ተከተል አስረዱ፤ በሦስተኛው ከደጅ ሆናችሁ የገመታችሁትንና ከገባችሁ በኋላ ያገኛችሁትን አነጻጽሩ።

ድርሰቱን ለመምህራችሁ ከማስረከባችሁ በፊት ከዚያ ቦታ ለሆነ ሰው አንብቡለት። «ይህ እኛን አይመስልም» ካላችሁ የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደሆነ ጠይቃችሁ መርምሩት፤ ምናልባት ከሦስተኛው ዓምድ ወጥቶ ወደ መጀመሪያው የገባ ይሆናል።