ከ«ራስላስ» መጽሐፍ የእንግሊዝኛ ቃላትን ስለ ማጥናት

ባልንጀሮቼ ተማሪዎች ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላትን በተራ እየጻፉ፥ ትርጕማቸውን ከአጠገባቸው እያሰፈሩ ሲሸመድዱ አያለሁ። ትጋታቸው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ከዐረፍተ ነገር ተለይቶ የተጠና ቃል ፈተናው ካለፈ በኋላ ቶሎ ይረሳል። ስለዚህ እኔ የያዝሁትን ሌላ መንገድ ባጭሩ ልገልጽ እወዳለሁ።

የመረጥሁት መጽሐፍ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ያሳተመው «ራስላስ» ነው። ይኸውም የተድላውን ሸለቆ ትቶ የሚሻለውን ኑሮ ለመምረጥ ስለ ወጣ አንድ የሐበሻ ልዑል የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። ደራሲው በ1755 ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያወጣ ሰው በመሆኑ፥ ቃልን መዝኖ ያስቀምጣል። መጽሐፉ 49 አጫጭር ምዕራፎች ስላሉት፥ በቀን አንድ ምዕራፍ ያነበበ በሁለት ወር ውስጥ ይጨርሰዋል።

አንደኛ፥ መዝገበ ቃላት ሳልገልጥ ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ያላወቅሁትንም ቃል ከዐረፍተ ነገሩ ገምቼ ፍቹን በእርሳስ እጽፋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግምቴን በመዝገበ ቃላት አመሳክራለሁ።

ሁለተኛ፥ የቅኔ ተማሪ ግስን ከነእርባታው እንደሚያጠና፥ ቃሉን ከነዘመዶቹ እይዛለሁ። ለምሳሌ «ሶሊቲዩድ» ብቸኝነት ነው፤ «ሶሎ»ና «ሶሊተሪ» ከአንድ የላቲን ሥር የወጡ ዘመዶቹ ናቸው። «ሎንሊነስ» ግን በብቸኝነት ማዘን ሲሆን፥ «ሶሊቲዩድ» ሰው ወዶ የሚመርጠው ጸጥታም ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፥ የጥንቱን ትርጕም ከዛሬው ጋር አስተያያለሁ። በ44ኛው ምዕራፍ አርእስት «ፕሬቨለንስ» የሚል ቃል አለ። ዛሬ ሐኪሞች በሽታ በሕዝብ መካከል ምን ያህል እንደሚገኝ ለመግለጽ ይናገሩታል፤ በጆንሰን ዘንድ ግን ማየልን ያመለክታል። ምዕራፉም የሚናገረው ሐሳብ ወለድ ነገር በአእምሮ ላይ ሲሠለጥን ስለሚያመጣው አደጋ ነው። የዛሬውን ትርጕም ብቻ የያዘ አንባቢ የምዕራፉን ቁም ነገር ይስተዋል።

በመጨረሻ መጽሐፉን ዘግቼ በየቃሉ አንዳንድ ዐረፍተ ነገር እሠራና ለመምህር አሳያለሁ። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የተረጐሙትንም ማመሳከር ይጠቅማል።

ይሁን እንጂ ለወዳጅ በሚጻፍ ደብዳቤ «ሐፒነስ» ሲበቃ «ፊሊሲቲ» ማለት አያስፈልግም። የምንደክመው በትልልቅ ቃል ለመኵራት ሳይሆን፥ በእንግሊዝኛ የተጻፉትን የሳይንስና የታሪክ መጻሕፍት በራሳችን አንብበን ለመረዳት ነውና፥ ባልንጀሮቼ ሆይ፥ በአንድ ምዕራፍ ጀምራችሁ ሞክሩት።