ማህፀን ይውጣ ወይስ ሆርሞን ይወሰድ?

በዛሬው ዓምዳችን ብዙ እናቶች ከባለቤታቸው እንኳ ደብቀው ስለሚይዙት ችግር እናወጋለን።

ዕድሜዋ 46 የደረሰ አንዲት እናት እናስብ። የወር አበባዋ ሁለት ወር ይጠፋና ሲመጣ ለ12 ቀን ይፈሳል። ሌሊት በላብ ተነክራ ትነቃለች፤ በትንሽ ነገር ትቆጣለች፤ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል። አንዱ ሐኪም «ማህፀንሽ ይውጣ»፣ ሌላው «ሆርሞን ውሰጂ» ይላታል። የቱን ትስማ?

በቅድሚያ የደሙን ችግር ከሙቀቱ እንለይ። ማረጥ ሲቃረብ እንቁላል በየወሩ መውጣቱን ያቆራርጣል። እንቁላል ካልወጣ ፕሮጀስትሮን የተባለው ሆርሞን ይጎድላል፤ የማህፀኑ የውስጥ ሽፋን ይወፍርና ደሙ ይበዛል። ሙቀቱና ላቡ ግን ኢስትሮጅን ከፍ ዝቅ እያለ ከመቀነሱ የሚመጡ ናቸው።

ስለዚህ ማህፀን ብቻ ቢወጣ ደሙ ለዘለቄታው ይቆማል፤ ሙቀቱ ግን አይለቅም። ሁለቱም ኦቫሪዎች አብረው ከወጡ ደግሞ በዓመታት ሊመጣ የነበረው ማረጥ በአንድ ቀን ይመጣል፣ ሙቀቱም ይብሳል። ይህ ከ45 ዓመት በፊት ሲሆን ለአጥንት መሳሳትና ለልብ ሕመም ስለሚያጋልጥ፣ የሚከለክል ነገር ከሌለ እስከ 51 ዓመት ገደማ ሆርሞን እንድትወስድ ይመከራል። ሆርሞን ፈርታ ኦቫሪዋን ያስወጣች እህት ተመልሳ ያንኑ ሆርሞን ልትወስድ ነው ማለት ነው!

ፍርሃቱ የመጣው በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ ከተቋረጠ ትልቅ ጥናት ነው። ሁለቱን ሆርሞኖች አንድ ላይ ከወሰዱ 10,000 ሴቶች መካከል በዓመት 8 ተጨማሪ የጡት ካንሰር፣ እንዲሁም 8 ተጨማሪ ስትሮክ ታየ። ጉዳቱ እውነት ነው። ነገር ግን የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር። ከ60 ዓመት በታች ላሉና ምልክቱ ለበረታባቸው ጤነኛ ሴቶች ጥቅሙ እንደሚያመዝን ዛሬ የዘርፉ ሐኪሞች ይስማማሉ። በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ዓይነት ደግሞ ከሚዋጠው ይልቅ ለደም መርጋት ያለው ስጋት አነስተኛ ነው። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ ወይም ከባድ የጉበት ሕመም ያለባት ወይም የነበረባት ሴት ግን ሌላ መንገድ ትፈልግ። ማህፀን ያላት ሴት ኢስትሮጅንን ብቻዋን መውሰድ የለባትም፤ ያለ ፕሮጀስትሮን የማህፀን ካንሰር ያመጣልና።

ደሙን ለመቀነስ ከቢላዋ በፊት ሆርሞን ያለው ሉፕ አለ። (የመዳቡ ሉፕ ግን ደም ይጨምራል፣ እንዳትሳሳቱ።) በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠብ ጠብ የሚል ደም ሊያሳይ ስለሚችል ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀዶ ሕክምና ተገቢ የሚሆነው ትልቅ ማዮማ ሲኖር፣ ካንሰር ሲገኝ፣ ወይም መድኃኒቱ ተሞክሮ ደሙ እምቢ ሲል ነው። ሆድ ተከፍቶ ከሆነ ስድስት ሳምንት ያህል ጀሪካንም ሆነ ልጅ አይነሣም፤ ባልና ልጆች ይህን አስቀድመው ይወቁት።

ከሁሉም በፊት ግን ምርመራ ይቅደም። ከ45 ዓመት በኋላ የተዛባ ደም ሲኖር ከማህፀኑ ሽፋን ናሙና ተወስዶ ካንሰር አለመሆኑ ይታይ። የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራም አይቅር፤ ያ የልብ ምት ከሁለቱ ከአንዱ ሊሆን ይችላል።

አንድ ደብተር ይያዙ፤ ደሙ የጀመረበትንና የቆመበትን ቀን ይጻፉ። ይህ ለሐኪሙ ብቻ አይደለም። ደሙ ሐይድ ነው ወይስ ኢስቲሃዷ የሚለው ሶላትንና ጾምን የሚመለከት ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ የሐይድ ከፍተኛው ጊዜ 15 ቀን፣ በሐነፊይ 10 ቀን ነው። ዝርዝሩን ደብተሩን ይዘው ዑስታዝዎን ይጠይቁ። ሐኪሙንም ቀጠሮ ሲይዙ እንዲህ ይበሉት፦ «የሚወጣው ማህፀን ብቻ ነው ወይስ ኦቫሪዎቹም? ለምን?»