ችካል ከመቸከላችሁ በፊት ውሃውን ጠይቁ
(ስለ መንደር ቦታ አመራረጥ፣ ስለ ረግረግና ስለ ጅረት አጠባበቅ የቀረበ ትምህርት)



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቤት መሥሪያ ቦታ ነው። ልጅ ያድግና ጎጆ ይወጣል፤ ጎጆ የወጣ ደግሞ ቤት የሚሠራበት መሬት ይፈልጋል። ታዲያ መንደሩ ተሰብስቦ «ለወጣቶቹ የት እንስጣቸው?» ሲባል፣ ብዙ ጊዜ ዓይን የሚያርፈው በአንድ ቦታ ላይ ነው፤ ይኸውም ረግረጉ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማንም አያርሰውም። «የእኔ ነው» ብሎ የሚሟገት የለም። በበጋ ሲያዩት ደልዳላ ሜዳ ስለሆነ ገመድ ለመዘርጋት ይመቻል። ስለዚህ «ባዶ መሬት ነው» ይባላል።

እውነት ባዶ ነውን? ትምህርታችን የሚያተኩረው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

እኔ ገና ተማሪ ነኝ። የመንደራችሁን አፈር ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን ፊደል ሳስቆጥር፣ አንድ አዛውንት ጽፈው ከጨረሱ በኋላ በእጃቸው ቁልቁል ወደ ቄጠማው እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ ያ ጎተራችን ነው። እህል ሳይሆን ውሃ የምናስቀምጥበት ጎተራ» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለእኔ የሚታየኝ ጭቃ ብቻ ነበር። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት የእሳቸውን ንግግር በትምህርት ቤት ከተማርኩት ጋር አገናኝቼ ነው።

፩. ረግረግ ምን ይሠራል?

ረግረግ በክረምት የወረደውን ውሃ ይይዛል፤ በበጋ ደግሞ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ከረግረጉ ግርጌ ያለው ምንጭ በየካቲትና በመጋቢት ሳይነጥፍ የሚቆየው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህም ሌላ ቄጠማው፣ ደንገሉና ሣሩ ጎርፉን ያዘገዩታል። የዘገየ ጎርፍ ተሸክሞት የመጣውን አፈር እዚያው ይጥላል፤ ወደ ጅረቱ የሚወርደው ውሃም ይጠራል። ረግረግ ለከብት የበጋ ግጦሽ፣ ለቤት ክዳን ሣር፣ ለበዓልና ለቡና ጉዝጓዝ የሚሆን ቄጠማ ይሰጣል።

ይህን በዓይናችሁ ለማየት እስቲ ይህን ሞክሩ። ሁለት ሣንቃ ወስዳችሁ እኩል አዘንብሉ። በአንዱ ላይ ሣር ከነሥሩና ከነአፈሩ፣ በሌላው ላይ ባዶ አፈር አድርጉ። ከሁለቱም ሥር ሳህን አስቀምጡ። ከዚያ በሁለቱም ላይ አንድ አንድ ጣሳ ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ከባዶው አፈር የሚወርደው ቶሎ ይደርሳል፤ መልኩም ይደፈርሳል። ከሣሩ የሚወርደው ግን ዘግይቶ፣ አንሶና ጠርቶ ይወርዳል። በሳህን ያያችሁት ነገር በወንዛችሁም ይደርሳል።

፪. ቤት ሲበዛ ውሃው ምን ይሆናል?

ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ክዳን ስፋቱ 40 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ብርቱ ዝናብ 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፦

40 × 50 = 2,000 ሊትር።

ይህ በ20 ሊትር ጀሪካን ሲለካ 100 ጀሪካን ነው። ከአንድ ቤት ብቻ! ሠላሳ ቤት ከሆነ 3,000 ጀሪካን ውሃ በአንድ ዝናብ ይወርዳል ማለት ነው። ድሮ ያ ቦታ ሣር በነበረ ጊዜ ከውሃው ብዙው ወደ መሬት ይሰርግ ነበር። ቆርቆሮ ግን አያሰርግም። የተረገጠ ግቢና የተደለደለ መንገድም እምብዛም አያሰርጉም። ስለዚህ ውሃው ተሰብስቦ ይሮጣል፤ የጅረቱን ዳር ይንዳል፤ ምንጩን በደለል ይደፍናል።

ሁለተኛው ችግር ሽንት ቤት ነው። በረግረግ ላይ ጉድጓድ ብትቆፍሩ በክረምት ከሥር ውሃ ይሞላዋል። ቆሻሻው ከከርሰ ምድሩ ውሃ ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ በታች ያለው ሰው የሚጠጣው ያንኑ ነው።

ሦስተኛው ወባ ነው። በቆላና በወይና ደጋ የወባ ትንኝ ፀሐይ በሚያገኘው ትንንሽ ኩሬ ውስጥ ትራባለች። ለቤት ምርጊት ጭቃ የተቆፈረበት ጉድጓድ ሳይደፈን ከቀረ ውሃ ይቋጥራል፤ ለትንኟም ይመቻታል። ብዙ ቤት በአንድ ጊዜ ሲሠራ እንዲህ ያለው ጉድጓድ ይበዛል።

፫. በሌላ ቦታ ከደረሰው እንማር

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል ያገራችን ሰው። የሌላውን ጉዳት አይቶ መጠንቀቅ ብልህነት ነው።

በኢሉባቦር በመቱ አካባቢ ረግረጉን «ጨፌ» ይሉታል። ገበሬዎች የረሃቡን ወራት የሚሻገሩበት በቆሎ ለመዝራት ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ቦይ እየቆፈሩ ውሃውን ያንጣፍፋሉ። የልምድ ትምህርታቸው ይህ ነው፦ የጨፌው ራስ ሳይነካ ከቀረ፣ ውሃውም በየጊዜው ተመልሶ እንዲተኛ ከተደረገ ጨፌው ይኖራል። ሙሉ በሙሉ ከተንጣፈፈና ከብት ሲረግጠው ከከረመ ግን መሬቱ ይደርቃል፤ ቄጠማው ይጠፋል፤ በዳሩ ያለው ምንጭም ይደክማል። ለእርሻ የተቆፈረ ቦይ ሊደፈን ይችላል። ቤት የተሠራበት ረግረግ ግን በቀላሉ አይመለስም። ልዩነቱን ልብ በሉ።

በምሥራቅ ሐረርጌ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት አጋማሽ ደርቆ ነበር። ለመስኖና ለከተማ ብዙ ውሃ ተሳበ፤ ከተራቆተው ኮረብታም ደለል ገባበት። በኋላ ዓመታት ውሃው በከፊል ቢመለስም፣ ሐይቅ የሚያህል ነገር እንኳ ሊነጥፍ እንደሚችል አይተናል።

በድሬዳዋ ደግሞ ደቻቱ የሚባለው ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ደረቅነቱን አምኖ ዳሩን ተጠግቶ ቤት ሠርቶ ነበር። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በላይ በደጋው የዘነበው ዝናብ በሌሊት ጎርፍ ሆኖ ወረደ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ወንዝ ለጊዜው ቢደርቅም መንገዱን አይረሳም።

ሌላም ትምህርት አለ። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመንደር ምሥረታ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገበሬዎች ቤታቸውን አፍርሰው በአዲስ ቦታ ሠርተዋል። ቤቶቹ በገመድ ተለክተው በቀጥታ መስመር ተደረደሩ። ከ1982 ዓ.ም. በኋላ ግን ብዙዎቹ መንደሮች ፈረሱ፤ ሰዉም ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ከዚህ የምንማረው፣ መንደር ከነዋሪው ዕውቀት ውጭ በገመድ ብቻ እንደማይተከል ነው። ገመድ ቀጥ ይላል፤ ውሃ ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም።

፬. እንዴት እናቅድ?

የሥራው ቅደም ተከተል ሦስት ቃል ነው፤ መራቅ፣ መቀነስ፣ መጠገን። መጀመሪያ ከውሃው መራቅ ነው። መራቅ ፈጽሞ ካልተቻለ ጉዳቱን መቀነስ ነው። የተጎዳውን ደግሞ መጠገን ነው። ከመጠገን መጀመር ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

ሀ) ቦታውን በክረምት እዩት። በነሐሴ፣ መሬቱ ውሃ በጠገበ ጊዜ፣ አዛውንቶችንና ውሃ የሚቀዱ እናቶችን ይዛችሁ በእግር ዙሩ። ውሃው የደረሰበትን ከፍተኛ ወሰን በችካል ምልክት አድርጉ። በበጋ ብቻ ያያችሁትን ሜዳ አትመኑ።

ለ) በበጋ ማየት ግድ ከሆነ ምልክቱን ፈልጉ። ቄጠማና ደንገል የት ድረስ በቅሏል? እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍሩ። አፈሩ ግራጫ ሆኖ የዝገት ቀለም ያለው ነጠብጣብ ከታየበት ውሃ ለብዙ ጊዜ ይተኛበታል ማለት ነው።

ሐ) ካርታ ሥሩ። ወረቀት ባይኖር በመሬት ላይ በአመድና በጠጠር ይሠራል። ምንጩን፣ ጅረቱን፣ ረግረጉን፣ ጎርፍ የሚወርድበትን ሸለቆ አስቀድማችሁ አመልክቱ። ቤት የሚገባው ከዚያ በኋላ በተረፈው ቦታ ነው።

መ) ዳሩን ተዉት። ከረግረጉና ከጅረቱ ዳር ቢያንስ 30 ሜትር፣ ማለትም ወደ 40 እርምጃ ያህል፣ ቤትም እርሻም ሳይገባበት ሣርና ዛፍ ሆኖ ይቆይ። ተዳፋቱ ከበዛ ይጨመር። በዚያ ላይ እንደ ሾላና ዋንዛ ያሉ የአገር ዛፎች ይተከሉ። ባሕር ዛፍ ውሃ በብዛት ስለሚጠጣ ከምንጭ ይራቅ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197ም ይህንኑ አስቧል። የሚመለከተው አካል የውሃ ዳርን ወሰን ከልሎ፣ በክልሉ ውስጥ ዛፍ መመንጠርንና መኖሪያ ቤት መሥራትን ሊከለክል እንደሚችል ደንግጓል።

ሠ) ቤቶቹን ከፍ ባለው ቦታ ላይ አቀራርቡ። ሠላሳ ቤት በየቦታው ተበትኖ ከሚሠራ፣ በጉብታው ላይ ተቀራርቦ ቢሠራ የሚነካው መሬት ያንሳል። መንገዱም ያጥራል።

ረ) መንገዱ በጉብታው ላይ ይሂድ። ጅረት መሻገር ግድ ከሆነ በአንድ ቦታ ብቻ፣ ጅረቱ በጠበበበትና ዳሩ በጸናበት ይሁን። ሁሉም በዚያ ይሻገር። የሚቀበረው ቱቦ ወይም የሚሠራው ድልድይ የክረምቱን ውሃ የሚያሳልፍ ይሁን፤ ከጠበበ ውሃው መንገዱን ቆርጦ ያልፋል።

ሰ) የክዳኑን ውሃ ወደ ጅረቱ አትልቀቁት። በበርሜል አጠራቅሙት፤ የተረፈውን ሣር ወደበቀለበት ቦይ ወይም ጠጠር ወደተሞላ ጉድጓድ አግቡት፤ እዚያ ይሰርጋል።

ሸ) ሽንት ቤት ከምንጭና ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከምንጩም በታች እንጂ በላይ አይሁን። የጉድጓዱ ወለል ከከርሰ ምድሩ ውሃ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ከፍ ይበል። በነሐሴ ስትቆፍሩ ውሃ ቶሎ ብቅ ካለ፣ ያ ቦታ ለቤት እንዳልሆነ መሬቱ ራሱ ነግሯችኋል።

ቀ) የግንባታው ሥራ በበጋ ይሁን። መሬቱን በሙሉ በአንድ ጊዜ አትግፈፉት፤ የሚሠራበትን ያህል ብቻ ግለጡ። የምርጊት ጉድጓዶችን ክረምት ሳይገባ ድፈኑ።

፭. «ታዲያ ልጆቻችን የት ይስፈሩ?»

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ሸፋፍነን ልናልፈው አይገባም። ከረግረጉ ካራቅናቸው ከጉብታው ላይ መሬት የሚለቅ ሰው ይኖራል። የሚለቀው ደግሞ የሚታረስ መሬት ነው። ለዚያ ሰው ከባድ ነው። ስለዚህ ምትክ መሬቱ በስብሰባ ተወስኖ በእጁ ሳይገባ ችካል አይቸከል። የወጣቶቹም ቦታ ጠበብ ይበል፤ ለሰፊ ግቢ ሲባል የመንደሩ ምንጭ አይደፈን።

በሌላ በኩል ረግረጉ ቢከፋፈል የሚጎዳው ማን እንደሆነ አስቡ። በሬ የሌላት እናት ቄጠማ አጭዳ በገበያ ቀን ትሸጣለች። መሬት የሌለው ጎረምሳ ጥጃውን እዚያ ያግዳል። እነዚህ ሰዎች በስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ድምፃቸውም አይሰማም። «ባዶ መሬት» የተባለው ግን የእነሱ ማሳ ነው። ስለዚህ ስለ ረግረጉ ሲወሰን አስቀድመው እነሱ ይናገሩ።

ቤት የሚሰጣቸው ወጣቶችም ይጠየቁ። በጭቃ ላይ የተሰጠ ቦታ ስጦታ አይደለም። ግድግዳው ከሥሩ ይበሰብሳል፤ ሕፃኑ በተቅማጥና በወባ ይታመማል፤ በሦስተኛው ክረምት ቤቱን ትተው ሌላ ቦታ መለመናቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ረግረጉም የለም፤ ቤቱም የለም።

አዲስ ቃላት

ረግረግ፦ ውሃ ለረጅም ጊዜ የሚተኛበት ለስላሳ መሬት።
ደለል፦ ጎርፍ ተሸክሞ የሚያስቀምጠው አፈር።
ተዳፋት፦ ያዘነበለ መሬት።
ከርሰ ምድር፦ የመሬት ውስጥ።
ማንጣፈፍ፦ ውሃን በቦይ አፍስሶ ማስወገድ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በመንደራችሁ «ባዶ» የሚባል ረግረግ አለን? ከዚያ ማን ምን ያገኛል? አንድ በአንድ ጻፉ።
2. ክዳኑ 60 ካሬ ሜትር በሆነ ቤት ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ ስንት ሊትር ይሆናል? በ20 ሊትር ጀሪካንስ?
3. ባለፉት ዓመታት የነጠፈ ምንጭ ታውቃላችሁ? ከመንጠፉ በፊት ከበላዩ ምን ተሠርቶ ነበር?
4. ከጉብታው መሬት ለሚለቅ ሰው ምትኩ ከየት ሊገኝ ይችላል?

ማንበብ የቻላችሁ ይህን ጽሑፍ ላላነበቡት አንብቡላቸው። ከዚያ ተያይዛችሁ ወደ ረግረጉ ውረዱ። እግራችሁ የሰመጠበት ቦታ ላይ ቁሙና፣ «ይህ ውሃ በመጋቢት ወዴት ይሄዳል? ማንስ ይጠጣዋል?» ብላችሁ ተጠያየቁ። መልሱን ካወቃችሁ በኋላ ገመዱን አምጡ።

የውሃውን ቦታ ለውሃው፣ የቤቱን ቦታ ለቤቱ!