ወንዝ መንገድ የሚሆነው መቼ ነው?

ጠያቂዋ ሞጆ ደረቅ ወደብ አካባቢ በትራንዚት ሥራ ላይ ያለች ወጣት ናት። መላሹ ዕድሜያቸውን በንግድ መርከብ ላይ ያሳለፉ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ካፒቴን ናቸው። በምልልሱ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወጣቷ፦ ካፒቴን፣ አንድ ነገር አልዋጥ ብሎኝ ነው የመጣሁት። ስዊዘርላንድ የባሕር በር የላትም፤ ፓራጓይም የላትም። ግን ሁለቱም ወደብ አላቸው፤ መርከብ ይመጣላቸዋል። እኛ ደግሞ ይህን ሁሉ ወንዝ ይዘን እያንዳንዱን ኮንቴነር ከጅቡቲ በመኪናና በባቡር እንጎትታለን። ምን ጎድሎብን ነው?

ካፒቴኑ፦ ውኃ አልጎደለብንም። የበዛብን ቁልቁለት ነው። ቁጥሩን ልስጥሽና ራስሽ አስዪው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ካርቱም 380 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ካርቱም እስኪደርስ 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በኪሎ ሜትር ምን ያህል ወረደ?

ወጣቷ፦ አንድ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።

ካፒቴኑ፦ ያውም እኩል እየተከፋፈለ ቢወርድ ነው። ባሕር ዳርን ለቆ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ ጢስ ዓባይ ላይ 40 ሜትር ገደማ በአንዴ ይወረወራል። ከዚያም ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ገብቶ ከቋጥኝ ጋር እየተጋጨ ነው ወደ ቆላ የሚወርደው። አሁን የአውሮፓውን ወንዝ ራይንን ውሰጂ። የስዊዘርላንዷ ባዝል ከባሕር ወለል በላይ 250 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከዚያ እስከ ባሕሩ ወደብ ሮተርዳም 830 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ወጣቷ፦ በኪሎ ሜትር 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ!

ካፒቴኑ፦ ይህም ቢሆን በዝቶባቸው ነበር። ከባዝል በታች ውኃው ፈጣን ስለሆነ እስከ ኢፌስሃይም ድረስ አሥር ቦታ ላይ ገድበው ሎክ ሠርተውበታል።

ወጣቷ፦ ሎክ ሲባል እሰማለሁ እንጂ አሠራሩን አላውቀውም።

ካፒቴኑ፦ ከላይና ከታች የብረት በር ያለው ረጅም የኮንክሪት ገንዳ ነው። ወደ ላይ የምትሄጂ ከሆነ በታችኛው በር ትገቢያለሽ፤ በሩ ከኋላሽ ይዘጋል። መርከቡን ከግድግዳው ጋር በገመድ ትይዢዋለሽ። ከዚያ ከላይ ያለው ውኃ በግድግዳው ውስጥ ባለ ቦይ እየገባ ገንዳውን ይሞላዋል። መርከቡ ያለ ሞተር ከፍ ይላል፤ መርከበኞቹ የላላውን ገመድ እየሰበሰቡ አብረው ይወጣሉ። ውኃው ከላይኛው ጋር ሲስተካከል የፊተኛው በር ይከፈታል፤ መሄድ ነው። በዚህ ዘዴ ጀርመኖች መርከብን ተራራ አሻግረዋል። በ1992 የተከፈተው የራይን፣ ማይንና ዳኑብ ቦይ 171 ኪሎ ሜትር ሆኖ 16 ሎኮች አሉት። መርከብ ከባሕር ወለል በላይ 406 ሜትር ላይ ወጥቶ በሌላ በኩል ወደ ዳኑብ ይወርዳል። ከሰሜን ባሕር የተነሣ ጭነት ከውኃ ሳይወጣ ጥቁር ባሕር መግባት ይችላል ማለት ነው። በመንገዱም ቪየናን፣ ብራቲስላቫን፣ ቡዳፔስትንና ቤልግሬድን ያገኛል። አራቱም ዋና ከተሞች ናቸው፤ አራቱም አገሮች ዛሬ ባሕር የላቸውም።

ወጣቷ፦ እርስዎ በራይን ሄደው ያውቃሉ?

ካፒቴኑ፦ የእኛ መርከብ የባሕር መርከብ ስለነበረች ሮተርዳም ላይ ነበር የምናቆመው። የወንዙ መርከቦች እዚያው አጠገባችን መጥተው ይጭኑ ነበር፤ ከመርከቤ መንጃ ክፍል ሆኜ ቁልቁል አያቸዋለሁ። ረጅምና ዝቅ ያሉ ናቸው። ሲሞሉ የጎናቸው ጠርዝ ከውኃው እምብዛም ከፍ አይልም። ከኋላ በኩል መጋረጃ ያለው መኖሪያ ቤት አላቸው፤ ባልና ሚስት ልጅ እያሳደጉ ይኖሩበታል። ጣሪያው ላይ የቤት መኪናቸው ተቀምጣለች፤ ወደብ ሲደርሱ በትንሽ ክሬን አውርደው ገበያ ይሄዱባታል። 110 ሜትር የሚረዝመው አንዱ መርከብ 3,000 ቶን ገደማ ይጭናል። አንቺ ከተሳቢ ጋር ያለ መኪና 40 ቶን ብለሽ ብታስቢው ስንት መኪና ነው?

ወጣቷ፦ 75! የእኛ ግቢ በአንዴ ይሞላል።

ካፒቴኑ፦ ሠራተኞቹ ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እህል፣ ነዳጅ፣ ጠጠር፣ የድንጋይ ከሰል በወንዝ የሚሄደው ለዚህ ነው። ግን አንድ ነገር ያዢልኝ። 800 ኪሎ ሜትር ወንዝ ጥልቅ ቢሆን፣ አንድ ቦታ ላይ ጥልቀት ካጣ መርከቡ የሚጭነው በዚያች ቦታ ልክ ነው። ለራይን ያቺ ቦታ ካውብ ናት። ትንሽ የጀርመን ከተማ ናት፤ ወይን በሚተከልባቸው ገደላማ ኮረብቶች መካከል ወንዙ ድንጋይ ላይ ሳስቶ ያልፋል። እዚያ የውኃ መለኪያ አለ። በሮተርዳም ያለ ጫኝ፣ በባዝል ያለ ነዳጅ ነጋዴ፣ ሁሉም ጠዋት ተነሥቶ የሚያየው የካውብን ንባብ ነው። ጥቅምት 2018 ላይ ንባቡ ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ወረደ።

ወጣቷ፦ 25 ሴንቲ ሜትር ውኃ? ይህን እኮ ሕፃን ልጅም ይሻገረዋል።

ካፒቴኑ፦ ንባቡ ጥልቀቱ አይደለም። ዜሮው የተተከለው ከወንዙ ወለል በላይ ስለሆነ መርከብ በሚሄድበት መስመር ላይ ከንባቡ በተጨማሪ አንድ ሜትር ከምናምን ውኃ አለ። ቢሆንም ሞልቶ የሚሄድ ትልቅ መርከብ ሦስት ሜትር ገደማ ውኃ ይፈልጋል። ስለዚህ የጭነታቸውን ጥቂቱን ብቻ ይዘው ይሄዱ ጀመር። የአንዱን ጭነት ለማድረስ ሦስት አራት መርከብ ተፈለገ፤ ዋጋው ናረ። ሉድቪግስሃፈን ያለው ትልቁ የባስፍ ኬሚካል ፋብሪካ ምርቱን ቀነሰ። ስዊዘርላንድ ለክፉ ቀን ካስቀመጠችው ነዳጅ አወጣች። ይህ ሁሉ የሆነው አንዲት ቦታ ላይ በሳሳ ውኃ ነው።

ወጣቷ፦ እሺ፣ ቁልቁለቱና ጥልቀቱ ገባኝ። ሁለቱ ከተሟሉ ወንዝ መንገድ ሆነ ማለት ነው?

ካፒቴኑ፦ ገና ነው። እዚያው ካውብ ላይ ከወንዙ መካከል፣ ደሴት ላይ፣ መርከብ የሚመስል ነጭ ግንብ ቆሟል። ፕፋልስግራፈንሽታይን ይባላል፤ በ14ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ነው። ለምን እንደተሠራ ታውቂያለሽ? ቀረጥ ለመሰብሰብ። በወንዙ ላይ ሰንሰለት ዘርግተው ያልከፈለ መርከብ እንዳያልፍ ያግዱ ነበር። እንዲህ ያለ ኬላ በራይን ዳርና ዳር በየመሳፍንቱ ግዛት ነበር። ነጋዴ አንዱን ከፍሎ ሳይጨርስ ሌላው ይቀበለዋል። ውኃው ሞልቶ እያለ ንግዱ የሚቆምበት ጊዜ ነበር።

ወጣቷ፦ በምን ተፈታ?

ካፒቴኑ፦ በ1815 የቪየና ጉባኤ ላይ የራይን መርከብ ጉዞ ኮሚሽን ተመሠረተ፤ እስከ ዛሬም ይሠራል። በ1868 ደግሞ ማንሃይም ላይ ስምምነት ተፈረመ። በወንዙ ለማለፍ ብቻ ቀረጥ አይጠየቅም፤ የማንኛውም አገር መርከብ ይሄዳል አለ። የካውብ ኬላም የተዘጋው በዚያው አካባቢ ነው። ስዊዘርላንድን ባለወደብ ያደረጋት ይህ ወረቀት ነው ብዬ ነው የማምነው። ባዝል ውኃው ቀድሞም ነበራት።

ወጣቷ፦ ፓራጓይስ?

ካፒቴኑ፦ ፓራጓይ ተፈጥሮ አድሏታል። ወንዟ ሜዳ ላይ ተኝቶ ነው የሚሄደው። ከዋና ከተማዋ ከአሱንሲዮን እስከ ውቅያኖስ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የአኩሪ አተር ምርቷ በብዛት በዚያ ይወጣል። ባርጅ የሚባሉ በርካታ ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባዎችን አንድ ላይ አስረው ከኋላ በአንድ ገፊ ጀልባ ይገፏቸዋል። የባርጅ ብዛታቸው ከዓለም በግንባር ቀደምነት ከሚጠሩት ነው። በ1992 አርጀንቲና፣ ቦሊቪያ፣ ብራዚል፣ ፓራጓይና ኡራጓይ ስለ ወንዙ ተፈራርመዋል። ሆኖም በ2023 አርጀንቲና በራሷ ክፍል በሚያልፉ መርከቦች ላይ ክፍያ ስትጥል የተቀሩት አራቱም ፈራሚዎች ተቃወሙ። እነሱ ክፍያው ሕግ ይጥሳል አሉ፤ እሷ መስመሩን ጠርጌ፣ ምልክት አቁሜ ነው የማስከፍለው አለች። የታችኛውን ወንዝ የያዘ ሁልጊዜ እጁ ረጅም ነው። ፓራጓይ ወንዙ ሲጎድልባት ሰማይን ታያለች፣ ሲሞላላት የአርጀንቲናን ዋና ከተማ ቦነስ አይረስን ታያለች።

ወጣቷ፦ ፏፏቴ ያለበት ወንዝ ግን ምንም አይደረግለትም?

ካፒቴኑ፦ ኮንጎን እይ። ከኪንሻሳ እስከ ኪሳንጋኒ 1,700 ኪሎ ሜትር ያህል መርከብ ይሄድበታል። ሰው፣ ከሰል፣ የደረቀ ዓሣ፣ ፍየል ጭኖ ሳምንታት የሚጓዝ ባርጅ አለ፤ በየመንደሩ ሰዎች በታንኳ እየቀዘፉ መጥተው እዚያው ይገበያዩበታል። ከኪንሻሳ በታች ግን 350 ኪሎ ሜትር ያህል ፏፏቴና አረፋ ብቻ ነው። ከዚያ ማታዲ ላይ እንደገና ይረጋጋል፤ የባሕር መርከብ እስከዚያ ይገባል። ስለዚህ በ1890ዎቹ በማታዲና በኪንሻሳ መካከል የባቡር ሐዲድ ዘረጉ፤ በ1898 አለቀ። ሐዲዱን ሲሠሩ በርካታ ሠራተኞች አልቀዋል፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ አይገባም። ሁለቱም ከተሞች መርከብ አልሄድም ባለበት ቦታ የበቀሉ ናቸው።

ወጣቷ፦ እንግዲህ ወደ እኛ እንምጣ። አንድም የለንም?

ካፒቴኑ፦ አንድ አለን፤ ባሮ። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 520 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ በባሮ፣ በሶባት፣ በነጭ ዓባይ አድርጎ እስከ ካርቱም ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ወጣቷ፦ ካርቱም 380 ካሉኝ... በኪሎ ሜትር አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ!

ካፒቴኑ፦ ከራይንም የተረጋጋ ነው። እንግሊዞች ይህን አውቀው ነበር። በ1902ቱ የድንበር ውል አፄ ምኒልክ በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አቅራቢያ፣ ወንዙን የሚያዋስን ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ ቦታ ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያ አከራዩ። የተመረጠው ቦታ ጋምቤላ ሆነ። ከጎሬና ከወለጋ ቡና በበቅሎ ጀርባና በሰው ትከሻ ቁልቁለቱን ይወርዳል፤ ከካርቱም የመጣው የእንፋሎት መርከብ ጨርቅና ጨው አራግፎ ቡናውን ይጭናል። ውሉ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ይላልና፣ ሱዳን በ1956 ነፃ ስትወጣ ቦታው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

ወጣቷ፦ 2,000 ሜትር ለወደብ ጠባብ አይደለም?

ካፒቴኑ፦ ሞልዶቫ በዳኑብ ላይ ያላት ዳርቻ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጁርጁለሽት ላይ ወደብ ሠርታ የባሕር መርከብ ታስገባበታለች። ጥበቱ ችግር አይደለም። የባሮ ችግር ወራቱ ናቸው። ትልልቆቹ መርከቦች ጋምቤላ የሚደርሱት በክረምት፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ነበር። ውኃው መጉደል ሲጀምር ያልወጣ መርከብ እስከሚቀጥለው ክረምት አሸዋ ላይ ቀረ ማለት ነው። ከካርቱም በታችም በዓባይ ላይ እስከ አስዋን የድንጋይ ፏፏቴዎች ስላሉ ጭነቱ ከውኃ ወጥቶ በባቡር ፖርት ሱዳን ይሄድ ነበር። የማታዲ ነገር እዚህም አለ።

ወጣቷ፦ ዛሬ ይመለሳል ብለው ያስባሉ? እውነቱን ይንገሩኝ።

ካፒቴኑ፦ ጅቡቲን ይተካል የሚልሽን አትስሚ። አምስት ወር የሚሠራ ወንዝ የአገር ንግድ አይሸከምም። ለምዕራቡ ግን ሌላ ነው። ከጅቡቲ ጋምቤላ በመኪና ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ነዳጁን፣ ሲሚንቶውንና ማዳበሪያውን ይህን ሁሉ አቋርጠን እናደርሳለን። ከደቡብ ሱዳን ጋር ለሚደረግ የእህልና የከብት ንግድ ግን ወንዙ ደጃፍ ላይ ነው። ሰላም ኖሮ ሦስቱ አገሮች፣ ኢትዮጵያ፣ ደቡብ ሱዳንና ሱዳን፣ እንደ ማንሃይም ያለ ውል ቢፈርሙ፣ ውኃ ብዙ የማይፈልግ ጠፍጣፋ ባርጅ ይሠራበታል ብዬ አምናለሁ።

ወጣቷ፦ ይህን ለአለቆቼ ጥናት አድርጌ ባቀርብ ከየት ልጀምር? ከውሉ?

ካፒቴኑ፦ ውሉ ሦስት አገር ይጠብቃል። ውኃውን ግን ከራሳችን ዳርቻ ሆነን መለካት እንችላለን። በወደቡ ዘመን የባሮ ከፍታ ጋምቤላ ላይ ይመዘገብ ነበር፤ መዝገቡን ፈልጊ። በየወሩ ዝቅተኛውን ንባብ አውጪ። አማካዩን አትውሰጂ፣ አማካይ መርከብ አያሳልፍም። ከዚያ ከጋምቤላ እስከ ኢታንግ፣ ከኢታንግ እስከ ድንበሩ አሸዋው የት የት እንደሚቆለል ከዓሣ አጥማጆቹ ጠይቂ። እነሱ የባሮን ካውብ ያውቁታል።

ወጣቷ፦ አሸዋው በየዓመቱ ቦታ የሚቀይር ከሆነስ?

ካፒቴኑ፦ ይቀይራል። ስለዚህ የአንድ ዓመት ጉብኝት አይበቃሽም፤ ክረምቱ በወጣ ቁጥር መሄድ አለብሽ። መለኪያ ገመድና ደብተር ያዢ፤ ጀልባውን የሚቀዝፍልሽ የአኙዋክ ወይም የኑዌር ሰው ይሁን።