አጋዘን፣ በሬና የደብር ደን

በአውሮፓና በአሜሪካ የደን ተማሪዎች ለብዙ ዘመን ካጠኑት ነገር አንዱ አጋዘን በደን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ይህ ለጎጃም ምን ይረባል? የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠን።

አስቀድመን ስሙን እንለይ። እኛ አጋዘን የምንለው ከላምና ከፍየል ወገን ነው፤ ቀንዱም አይረግፍም። የፈረንጆቹ ግን ወገኑ ሌላ ነው፤ ወንዱ በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ እንደገና ያበቅላል። ተኩላ በጠፋበት አገር ቁጥሩ እየበዛ ቡቃያውን ይቀነጥሳል። ትልልቁ ዛፍ ቆሞ ስለሚታይ ደኑ ደኅና ይመስላል፤ ነገር ግን ወራሽ የለውም።

በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ይህን ሥራ የሚሠራው የቤት ከብት ነው። ጫካው ተመንጥሮ እርሻ ከሆነ ወዲህ አገር በቀሉ ዛፍ በይበልጥ የተረፈው በየደብሩ ዙሪያ ነው። ግቢው ካልታጠረ ከብት ይገባል፤ ቡቃያውን ይበላል፣ በኮቴው ይረግጣል፣ አፈሩንም ስለሚጠቀጥቀው ዘሩ ሥር መስደድ ይሳነዋል።

ነገሩ ግምት ብቻ አይደለም። «እመጓ» በተባለው መጽሐፋቸው የሚታወቁት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት በዚሁ በቤተ ክርስቲያን ደን ላይ ነበር። ከዓባይ ማዶ በደቡብ ጎንደር 28 የደብር ደኖችን መርምረው 168 ዓይነት እንጨትነት ያላቸው ዕፀዋት መዝግበዋል። ደግሞም ከፊሉን ቦታ አጥረው፣ ከፊሉን ክፍት ትተው፣ የጽድ፣ የወይራ፣ የሎልና የጥቁር እንጨትን ዕድገት አነጻጸሩ። ከብት በተከለከለበት ቦታ ዘሩ በተሻለ በቀለ፤ ችግኙም በተሻለ ተረፈ፣ አደገም።

የአሠራሩ ብልሃት ቀላል መሆኑን ልብ በሉ። ሁለቱ ቦታዎች በአፈር፣ በጥላና በዝናብ ተመሳሳይ ከሆኑ፣ የሚለያያቸው አጥሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ የከብቱ ሥራ መሆኑ ይታወቃል። ከቢቸና ወይም ከሞጣ የመጣ የድኅረ ምረቃ ተማሪም ገመድ፣ እሾህና የመዝገብ ደብተር ይዞ፣ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዶ ሊጀምረው ይችላል።

ሆኖም ገበሬውን መውቀስ ብቻ አይበቃም። ግጦሹ ሁሉ ታርሶበት በሬውን ወዴት ይንዳው? ደብሩን በድንጋይ ካብ ማጠር መልካም ነው፤ ነገር ግን ሣሩ ታጭዶ ለከብቱ ካልተሰጠ ካቡ ውሎ አድሮ ይፈርሳል። እንግዲህ ጥናታችን ዛፉን ሲቆጥር ባለ በሬውንም ይቁጠር።